ቅዳሜና እሑድ የተማርኩት የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፦ የአንዲት የሀዋሳ ነርስ ግምገማ

በሀዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን (ኤምፒኤች የሚባለውን) ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ጨርሻለሁ። ስንመዘገብ የተነገረን ሁለት ዓመት ነበር፤ ስምንቱ ወር ከየት እንደመጣ በኋላ እመለስበታለሁ። የኮሌጁን ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች የእርሱ ብቻ እንዳልሆኑ በሌሎች ተቋማት ከተማሩ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ ስሙን ብጠቅስ አንባቢዬ ከዚያ ሸሽቶ ያንኑ ጉድለት በሌላ በር ሊገዛው ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። የምገመግመው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ገንዘቤንና የዕረፍት ቀኖቼን የከፈልኩበት ትምህርት ሲሆን፣ ሁለተኛው ነርስ ሆኖ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ማዘንበል ለሚፈልግ ሰው የተከፈቱት ሌሎች መንገዶች ናቸው።

ከመመዝገቤ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሆስፒታል ሕፃናት ክፍል፣ የቀሩትን ደግሞ በጤና ጣቢያ በክትባት ክፍል አሳለፍኩ። ወደ ማስተርሱ የገፋኝ አንድ ቁጥር ነው። በየሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ በጤና ጣቢያችን አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት የመጀመሪያ ዶዝ የወሰዱት ሕፃናት ብዙ፣ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ግን ያነሱ መሆናቸው ይነሣና «እናቶች ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ደግሞ በክፍሌ ውስጥ የሚሆነውን አውቃለሁ። አሥር ዶዝ የሚይዘው የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ሦስት ሕፃናት ብቻ ሲመጡ የተረፈው እንዳይባክን በመሥጋት «ሐሙስ ተመለሺ» ብለን የምንሸኛቸው እኛው ነርሶች ነን። የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ፣ የባጃጅ ከፍላ፣ የዕለት ሥራዋን ትታ የመጣች እናት ሐሙስ ላትመለስ ትችላለች። ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ያላስከተበች መሆኗ ብቻ ነው፤ መጥታ እንደነበረ የሚመዘገብበት ዓምድ የለም።

ነርስ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ስትገባ ይዛው የምትገባው ሀብት ይህ ይመስለኛል፦ ቁጥሩ እንዴት እንደተወለደ ታውቃለች። ታሊ ሺቱ (የተከተቡት በጭረት የሚቆጠሩበት ቅጽ) ላይ ጭረቷን ያሰመረችው፣ መዝገቡን ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድካም የሞላችው፣ የትኛው ዓምድ በእውነት እንደሚሞላና የትኛው በግምት እንደሚሞላ የምታውቀው እርሷ ናት። ጥሩ ማስተርስ ይህን እውቀት ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውንም ወደ ጥናት እንድትቀይረው ያሠለጥናታል። ደካማው ማስተርስ ግን ከመዝገቡ አንሥቶ ከማታውቀው መጠይቅ ፊት ያስቀምጣትና ያን እውቀት እንደ ተራ ገጠመኝ እንድትቆጥረው ያደርጋል። የተማርኩትን ትምህርት የመዘንኩት በዚህ ሚዛን ነው።

ስለ ትምህርቱ መልካም ጎን ልጀምር። የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎችን ስርጭትና መንስኤ የሚያጠናው ትምህርት) መምህራችን ረጅም ዘመን በወረርሽኝ ቅኝት ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ነበሩ፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስላይዱን ዘግተው የአምስት ዓመት የወባ ሳምንታዊ ሪፖርት በወረቀት አደሉን። ያለፉትን አምስት ዓመታት የአንድ ሳምንት ቁጥሮች ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረን፣ ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር እንደ ማስጠንቀቂያ ወሰን ወስደን፣ የዘንድሮውን መስመር በላዩ እንድንስል አዘዙን። በእርሳስና በማስመሪያ የሠራነው ያ ግራፍ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ከጎኔ የተቀመጠው የላቦራቶሪ ባለሙያ የአንዱ ሳምንት ቁጥር ለምን ድንገት ዜሮ እንደሆነ ግራ ሲገባው፣ መመርመሪያ ኪት አልቆ ሊሆን ይችላል ብዬ የመለስኩለት እኔ ነበርኩ፤ መምህሩም ቆም ብለው «ነርሶች ዝም አትበሉ» አሉን። ለዚያ አንድ ኮርስ ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ባዮስታቲስቲክሱ ግን ያሳፍራል። ሦስት ክሬዲት የተሰጠው ኮርስ በአራት ተከታታይ ቅዳሜና እሑድ ተጠናቀቀ፤ ሠላሳ አራት ተማሪዎች በነበርንበት ክፍል የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስምንት ነበሩ፤ መምህሩም ኤስፒኤስኤስ በተባለው የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለብን እንጂ የሚወጣው ሠንጠረዥ ምን እንደሚል ለማብራራት ጊዜ አልነበራቸውም። ውጤቱ ምን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። መመረቂያ ጥናቱ ሲደርስ ከክፍላችን ብዙዎቹ ዳታቸውን ገንዘብ ከፍለው ለሚተነትን ሰው ሰጡ። እኔም ሰጥቼ ነበር፤ ግማሹን ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ የመጣልኝን ሠንጠረዥ ሳየው የእናቶች ዕድሜ ምድብ ተገልብጦ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁትና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ለምኜ ማታ ማታ ከዜሮ ተማርኩ። ማንም ሰው ወደ ማንኛውም የኅብረተሰብ ጤና ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ ቢፈቀድለት፣ ይህን ይጠይቅ እላለሁ፦ ስታቲስቲክስ ስንት ሰዓት ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሰዓት ተማሪው ራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት ነው?

የመስክ ልምምዱ ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ የተመደብኩት በሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። ከሀዋሳ ሐይቅ ዳርና ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ እንሰትና ቡና በተተከለበት ጓሮ መካከል የሚገኝ ጤና ኬላ ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር ከሁሉም ኮርሶች ይበልጥብኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ቤት በቤተሰብ ማህደር ይዛ፣ የትኛዋ እናት ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ቤት መጸዳጃ እንደሌለው፣ የማን ልጅ ክትባት እንደጀመረና እንዳቋረጠ ከመደርደሪያው እያወጣች አሳየችን። የቡድናችን መሪ የነበረው ተማሪ የመጣነው መጠይቅ ለመሙላት ስለሆነ ማህደሩን ለማየት ጊዜ የለንም አለ። እርስ በርስ ተከራክረን በመጨረሻ ሃምሳ ቤቶችን በመጠይቁም በማህደሩም አነጻጸርን፤ ሁለቱ ባልተስማሙበት ቦታ ሁሉ ሄደን ስናጣራ አንዳንዴ ማህደሩ፣ አንዳንዴም መጠይቁ ተሳስቶ አገኘነው። ኮሌጁ ለዚህ ሥራ ነጥብ አልሰጠንም፤ ምክንያቱም በቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረም። ተቆጣጣሪ መምህርም በሦስቱ ሳምንት ውስጥ የመጣው አንድ ቀን ነበር፤ እርሱንም ምሳ ሰዓት ላይ።

አሁን ወደ ስምንቱ ወር ልመለስ። አማካሪ የተመደበልን በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። እኔ የኩፍኝ ክትባት ጠርሙስ ሳይከፈትላቸው የተመለሱ ሕፃናትን ጉዳይ ይዤ ቀረብኩ፤ ጥናቱ በጤና ጣቢያዎች ቁጭ ብሎ መቁጠርን፣ ነርሶችንና እናቶችን በጥልቀት ማነጋገርን የሚጠይቅ ነበር። አማካሪዬ አንዴ «ርዕሱ ጠባብ ነው»፣ ሌላ ጊዜ «ሰፊ ነው» አሉ፤ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ የተለመደውን እንድሠራ መከሩኝ። የተለመደው ማለት ምን እንደሆነ ይህን ትምህርት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፦ የአንድ ነገር ስፋትና ከእርሱ ጋር ተያያዥነት ያላቸው ምክንያቶች፣ በጤና ተቋም ላይ የተመሠረተ፣ በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ። የናሙናው መጠንም አስቀድሞ ይታወቃል። የሚጠናው ነገር ምጣኔ 50 በመቶ ነው ተብሎ ተገምቶ፣ የስህተት ኅዳጉ 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ሲደረግ ቀመሩ 384 ያወጣል፤ ፈቃደኛ ላልሆኑት 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል። ቀመሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ጥያቄው ሳይወለድ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ መወሰኑ ነው። በዚህ ክርክር ሦስት ወር፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በመጠበቅ ሁለት ወር፣ የዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት የማቅረቢያ) ቀን እየተራዘመ ሦስት ወር ሄደ። በመጨረሻ ርዕሴን ይዤ ቆምኩ፤ ግን አማካሪዬ ካስረዘሙት ይልቅ እኔ ራሴ ፕሮፖዛል መጻፍ ባለማወቄ የባከነው ጊዜ እንደሚበልጥ መደበቅ አልፈልግም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለአንድ ሴሚስተር የከፈልኩት ከሁለት ወር ተኩል የተጣራ ደመወዜ ጋር የሚመጣጠን ነበር። ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ ለኅትመትና ለጥረዛ፣ ለዲፌንስ ቀን መስተንግዶ የወጣው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። የመጨረሻው ለምን የተማሪ ግዴታ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ቅዳሜና እሑድ ነፃ ለመሆን የሌሊት ዲዩቲዬን ከጓደኞቼ ጋር እየተለዋወጥኩ፣ ዓርብ ሌሊት ሠርቼ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል የገባሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እንዲህ ሆኖ የተማረ ሰው ከመምህሩ አፍ የወጣውን ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ሲታሰብ ይህም ከዋጋው ላይ መደመር አለበት።

ለዚህ ሁሉ ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ብባል፣ ለኤፒዲሚዮሎጂው አምስት፣ ለመስኩ ሦስት (ሦስቱም ለጤና ኬላዋ እንጂ ለኮሌጁ አይደለም)፣ ለስታቲስቲክሱና ለአማካሪ አመዳደቡ አንድ አንድ እሰጣለሁ።

ሌሎቹን መንገዶች ልመልከት። ብዙ ነርሶች መጀመሪያ የሚያነሡት የነርሲንግ ማስተርስን ነው፤ በአዋቂዎች ጤና፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና ጨቅላ ሕፃናት፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን እየተከፈለ ይሰጣል። አልጋ አጠገብ መቆየት፣ ማስተማር ወይም የነርሲንግ አገልግሎትን መምራት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ምርጫ እርሱ ነው፤ «ኤምፒኤች ይሻላል፣ ሥራው ሰፊ ነው» የሚለውን የሻይ ቤት ምክር ሰምቶ ይህን መተው ብልህነት አይደለም። ከሕፃናት ክፍል አብራኝ የሠራች አንዲት ነርስ ኤምፒኤች ከጨረሰች በኋላ ከቢሮ ሥራ ጋር መስማማት አቅቷት ወደ ዋርድ ተመልሳለች፤ እዚያም ዲግሪዋ ለምትሠራው ሥራ ምንም አልጨመረላትም። በሌላ በኩል ግን የነርሲንግ ማስተርስ ወስዶ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የቅኝት ባለሙያ ለመሆን ማሰብ ተቃራኒው ስህተት ነው። ሰኞ ጠዋት የት ቁጭ ብዬ ምን ስሠራ መገኘት እፈልጋለሁ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ የዲግሪ ስም መምረጥ ሁለቱንም ስህተት ይወልዳል።

እኔ በድጋሚ ዕድሉን ባገኝ የምመርጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂን ነው። ይህ ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ሁለት ዓመት የሚወስድና በኤምፒኤች ዲግሪ የሚያስመርቅ ነው። ከሌላው የሚለየው ተማሪው ከጊዜው ሩቡን ያህል ብቻ በክፍል፣ ሦስት አራተኛውን በጤና ቢሮ ወይም በተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ሥራውን እየሠራ የሚማር መሆኑ ነው። የሚመረቀውም በአንድ ጥናት አይደለም፤ ያጣራቸውን ወረርሽኞች፣ የተነተነውን የቅኝት መረጃ፣ የገመገመውን የቅኝት ሥርዓትና ሌሎች ሥራዎችን በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ ያቀርባል። በአንድ ወር ውስጥ አምስት የኩፍኝ ተጠርጣሪዎች ከአንድ አካባቢ ሲመጡ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ምርመራ እንደሚጀመር፣ ሦስቱ በላቦራቶሪ ሲረጋገጡ ወረርሽኝነቱ እንደሚረጋገጥ እኛ ለፈተና ሸመደድነው፤ እነርሱ ግን የተጠርጣሪዎችን ዝርዝር በእጃቸው ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሄደው ተማሩት። ችግሩ ቦታው ጥቂት፣ ውድድሩ ብርቱ፣ የሚገባውም በአብዛኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተልኮ መሆኑ ነው። ትንሽ ልጅ ላላት እናትም የሁለት ዓመት የመስክ ምደባ ቀላል አይደለም። ይህ ለማይሆንላት ነርስ ግን የሦስት ወሩ የመጀመሪያ ደረጃ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና አለ፤ ሥራዋን ሳትለቅ የምትከታተለውና ለማስተርስ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ይህ ሥራ በእውነት የሚማርካት መሆን አለመሆኑን የምትፈትንበት ነው። እኔ ስለ መኖሩ የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ፕሮግራም መማር ሌላው መንገድ ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ነዋሪው «ሪፈራል» ብሎ ከሚጠራው ሆስፒታል ጋር በአንድ ግቢ፣ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት አለው፤ ከመጻሕፍቱ፣ ከመምህራኑ ብዛትና በየዕለቱ አብሮ ከመዋል የሚገኘው ትርፍ ከሳምንት መጨረሻው ጋር አይወዳደርም። የሚያስከፍለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤት በስፖንሰር ለመላክ ተራ መጠበቅ፣ ተወዳድሮ ማለፍ፣ ከዚያም ተመልሶ ለማገልገል ውል መፈረምና ዋስ መጥራት ግድ ይላል። በግልም ሆነ በመንግሥት ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ የሂሳብና የምክንያት አሰጣጥ ጥያቄዎቹ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ቀመር ነክተን ለማናውቅ ነርሶች ስለሚከብዱ ከሦስት ወር በፊት መለማመድ መጀመር ይገባል። የግል ተቋም ከሆነ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው ዕውቅና ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ካምፓስ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ኮሌጁ በሌላ ከተማ ዕውቅና ስላለው እዚህም ይኖረዋል ማለት አይደለም።

በኤምፒኤች ውስጥ ስላሉት ንዑሳን ዘርፎችም ጥቂት ልበል። የጤና አገልግሎት አስተዳደር የጤና ጣቢያ ኃላፊ ለመሆን ላሰበ ሰው ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጪ ብዙ አላየሁበትም። ሥነ ምግብ ግን በዚህ አካባቢ ከሚገመተው በላይ ሀብታም ዘርፍ ነው፤ የሲዳማ ገበሬ ዋና ምግብ የሆነው እንሰት ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ ጡት በጣለ ሕፃን ሳህን ላይ ከወተት፣ ከጎመን ወይም ከቦሎቄ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱ የዕድገቱ ጉዳይ ነው፤ ከሕፃናት ክፍል የመጣች ነርስ ይህን በክብደት መመዝገቢያው ላይ ስትከታተለው ኖራለች። ሥነ ተዋልዶ ጤናም እንዲሁ ነው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በከተማችን ጠባብ ኪራይ ቤቶች ውስጥ በብዛት ይኖራሉ፤ ጤና ጣቢያ የሚመጡበትን ሰዓት፣ የሚጠይቁትንና ለመጠየቅ የሚያፍሩትን የምታውቀው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ነርስ ናት። ዘርፉን ሲመርጡ ያለፉትን ዓመታት የሠሩበትን ክፍል መከተል እንደ ስንፍና አይታየኝም፤ ጥያቄዎቹ ያሉት እዚያ ነውና።

ይህ አዲስ ሐሳብም አይደለም። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ፣ የኅብረተሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ጋር እንደ አንድ ቡድን አድርጎ ነበር የሚያሠለጥናቸው። የከተማው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመርም ቤት ለቤት እንዲሄዱ የተመረጡት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ነበሩ። በክፍላችን ግን ሁለት የጤና መኮንኖች «ይህ የእኛ ሙያ ነው፣ ነርስ ምን አገባት» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንደኛው ኋላ ላይ የክትባት መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ ሊጠይቀኝ መጥቷል።

የውጭ አገር ሐሳብ ያላቸውም አሉ። በአሜሪካ የምትኖር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ደጋግማ የምታስጠነቅቀው ሁለቱን እንዳናምታታ ነው። በዚያ አገር ኤምፒኤች የነርስነት ፈቃድ አያሰጥም፤ በነርስነት ለመሥራት ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ ለብቻው ያስፈልጋል። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶችን የሚያጸድቀው ሲኢፒኤች የሚባለው ምክር ቤት ለኤምፒኤች ቢያንስ 42 ክሬዲት ይጠይቃል፤ በነርሲንግ በኩል ደግሞ ኤምኤስኤን የተባለው ማስተርስና ዲኤንፒ የተባለው የተግባር ዶክትሬት አሉ፤ ነርሲንጉንና ኅብረተሰብ ጤናውን አጣምረው በሁለት ዲግሪ የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎችም አይጠፉም። በኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጥ የውጭ ተቋም ማስታወቂያ አይቶ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ዕውቅናው እዚያም እዚህም መጽናቱን ማጣራት የግድ ነው።

ከምርቃት በኋላ ያለው የሥራ ገበያ እንደ ድሮው አይደለም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም ክልል ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀሪው ክፍል ለሁለት ሲከፈል፣ በሀዋሳ ተሰብስበው የነበሩት የክልል ቢሮዎች ባለሙያዎች ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበትነዋል። ብዙ የኤምፒኤች ምሩቃንን ይቀጥር የነበረው የፕሮጀክት ሥራም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ በአንድ ጊዜ ጠብቧል፤ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡን ሁላችንም አይተናል። «ኤምፒኤች ይኑርሽ እንጂ ኤንጂኦ ይወስድሻል» የሚለውን ተስፋ ይዞ የሚመዘገብ ካለ ስሌቱን ደግሞ ያስብ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ዲግሪው ብቻ አይበቃም፤ ክፍት መደብ መኖር አለበት። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ አሥራ አራት ወር በዚያው በክትባት ክፍል፣ በዚያው ደመወዝ ቆይቼ ነው በክፍለ ከተማ ደረጃ የቅኝት ሥራ ላይ የተመደብኩት።

አሁን ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ከጤና ጣቢያዎች የሳምንቱን ሪፖርት መቀበል ነው። ስልክ እደውልና መልስ የምትሰጠኝን ነርስ ቁጥሩን ብቻ አልጠይቃትም፤ ስንት እናቶች ሳያስከትቡ እንደተመለሱ፣ ጠርሙሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደተከፈተም እጠይቃታለሁ። አንዳንዷ ትገረማለች። ጥናቴም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አልቀረም፤ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ለኩፍኝ ክትባት ቋሚ ቀን ወስነው ለእናቶቹ በክትባት ካርዱ ላይ አስቀድመው እንዲጽፉላቸው ተስማምተዋል፤ አንደኛው ቀጥሎበታል፣ ሌላኛው ኃላፊው ሲቀየር ተወው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ በዚያው ኮሌጅ ልትመዘገብ እንደሆነ ነግራኝ «እህቴ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ሄዳ የስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜ በር ላይ ቆማ እንድታይ፣ የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች እንድትቆጥር፣ ከዚያም ቤተ መጻሕፍቱ ገብታ ያለፈውን ዓመት መመረቂያ ጥናቶች ናሙና መጠን የሚለውን ገጽ ብቻ ገልጣ እንድታነብ ነገርኳት። ማታ ደወለችልኝ። ኮምፒውተሮቹ አሁን አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ ካገላበጠቻቸው አሥራ አምስት ጥራዞች ውስጥ ዘጠኙ 422 ወይም 423 ናቸው። አለመመዝገቧ ግን በዚህ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ዓመት የቅዳሜ ዲዩቲዋን የሚለውጥላት ሰው ስላላገኘች ነው።